ከሞተችው ከተማ የወጣ ጦር

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን በደንብ አስታውሳለሁ። ከሥራ የወጣሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቴ እስከ እድሩ አዳራሽ ያለው መንገድ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። የቀሩትን አሥር ደቂቃዎች ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሜ፣ ልክፈታቸው አልክፈታቸው እያልኩ አሳለፍኳቸው። ከዚያ ከፈትኳቸው። አራት ፖስታዎች ነበሩ፤ ከአንዱ በቀር የእኔ አልነበሩም።

የተወለድኩት አንኮበር ነው። ደብረ ብርሃን ለዩኒቨርሲቲ መጣሁ፤ ተመርቄም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ቀረሁ። ሥራው ይስማማኛል። መዝገብ ሰው አያናግርም፤ በቁጥሩ ፈልጎ ማውጣትና በቁጥሩ መመለስ ነው። የተከራየሁበት ሰፈር እድር አንድ አዳራሽ አለው። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ከሚቀመጥበት ጎን፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ሁለት መደርደሪያ መጽሐፍ ስላለባት ንባብ ቤት ትባላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አራት ሰዎች እዚያ እንገናኝ ነበር።

አንዷ የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ድምፅዋ ትልቅ፣ ሣቋ ከድምፅዋ የሚበልጥ። ሁለተኛው የመዘዞ ሰው ነው፤ ፊዚክስ ያስተምራል። ሦስተኛው ከሁላችን የሚበልጡት ጋሼ ናቸው፤ የሰላ ድንጋይ ሰው ናቸው። የእድሩ ንብረት ያዥ ስለሆኑ የአዳራሹም፣ የድስቱም፣ የንባብ ቤቱም ቁልፍ በአንድ ቀለበት ላይ ተሰክቶ ከወገባቸው አይለይም። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ከማዳመጥ በቀር ብዙ የማልናገር።

አራታችን አንድ ልብ ወለድ እየጻፍን ነበር። ዓለም አልቃለች። እንዴት እንዳለቀች አንጽፍም ተባባልን፤ የፊዚክስ መምህሩ ብቻ ቅር አለው። የዛሬውንም ጦርነት ስሙን አንጠራም አልን። ሁላችንም መንገድ ተዘግቶብን የሚያውቅ፣ ቤተሰብ ዘንድ ደውለን ስልኩ አልነሣ ብሎን የሰነበትን ሰዎች ስለሆንን ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ከዓለም የተረፉት አራት ከተሞች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ለራሳቸው አገር ሆነዋል። ደብረ ሲና ከተራራው ሥር ያለውን ዋሻ ይዛለች፤ ያለ እርሷ ፈቃድ ሽቅብም ቁልቁልም የሚያልፍ የለም። መዘዞ ገብሱንና በጉን ይዛለች። ሰላ ድንጋይ የመጨረሻው ሬዲዮ አላት። የእኔዋ አንኮበር ምንጭ አላት። መሀላቸው ላይ ደብረ ብርሃን አለች፤ ውርጩ ያልለቀቃት፣ ሰው የማይገባባት የሞተች ከተማ። ቁር እጃችንን እየቆረጠን፣ ጋቢ ደርበን በዚህችው ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ሞታለች ብለን ስንጽፋት ያስቀን ነበር።

ፖስታዎቹን ያመጣችው የደብረ ሲናዋ ናት። "እያንዳንዳችን የከተማችንን ገመና እንጻፍ፤ ማንም የማያውቀውን። ይታሸግና መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ይከፈታል" አለች። ጻፍን፤ አሸግን። ፖስታዎቹ ከልብ ወለዱ ፋይል ጋር ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቆለፉ። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከጋሼ እጅ እንዳይወጣ ደንብ ተደረገ።

ክረምቱ እስኪወጣ ጥሩ ሄድን። ከዚያ የደብረ ሲናዋና የመዘዞው ተጣሉ። እርሷ የዋሻውን ቀረጥ አስወደደች። እርሱ በተራው ሌላ መተላለፊያ ቆፈረ። በሳምንቱ ያንን መተላለፊያ በናዳ ቀበረችበት፤ ከነበጎቹ።

"አርባ በግ ነው የፈጀሽብኝ!"

"ባለፈው ቅዳሜ ሦስት መቶ ነበሩህ። ምን ያስለቅስሃል?"

"እናንተ እኮ ከከባድ መኪና ጎማ ሥር ስላደጋችሁ መንገድ የናንተ ብቻ ይመስላችኋል።"

"አንተ ደግሞ ፊዚክስህን አስተምር፤ ገብስ ሲበቅል አይተህ የምታውቅ መሰለህ እንዴ? ሲጠመቅ ካልሆነ!"

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። በኋላ ቀልዱ ቀረ። አንዱ የጻፈውን ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት ያፈርሰዋል፤ ልብ ወለዱ ባለበት ይረግጣል። አንድ ቅዳሜ የመዘዞው ወረቀቱን ሰብስቦ "እንግዲህ እኔ የምመጣ አይመስለኝም" አለ። የደብረ ሲናዋም "ወንበርህ ላይ ጋቢዬን አስቀምጣለሁ" አለችው። በሳምንት ውስጥ እኔ እንደ ሰው የምቆጠርባቸው ሁለት ሰዓታት እነዚያ የቅዳሜዎቹ ብቻ ነበሩ። አትጣሉ ለማለት የሚሆን ድምፅ ግን አልነበረኝም።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ የሁሉንም ጽሑፍ በአንድ ደብተር የምገለብጠው እኔ ነኝ፤ ጋሼ ቁም ሣጥኑን ከፍተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ያን ሐሙስ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ነበር። ድንኳን መተከል አለበት። ጋሼ ቁልፏን ከቀለበቱ ፈትተው ሰጡኝ።

"ልጄ፣ ስትጨርሺ ቆልፈሽ ድንኳኑ ዘንድ አምጪልኝ። ደንባችን አይፈቅድም፤ ግን አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ሙጫው ርካሽ ስለነበር በጥፍሬ ጫፍ ተላቀቀ። የደብረ ሲና ገመና፦ የዋሻው የታችኛው በር ከተሰበረ ዓመታት ሆኖታል፤ አይዘጋም። የመዘዞ ገመና፦ የዘር ገብሱን ነቀዝ በልቶታል። የሰላ ድንጋይ ገመና፦ ሬዲዮው ምንም መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ሬዲዮ ጠባቂው ሕዝቡ ተኝቶ እንዲያድር ብሎ በየምሽቱ ወሬውን ከራሱ ይፈጥራል። የእኔን አውቀዋለሁ፤ ምንጩ እየደረቀ ነው። መልሼ አሸግኳቸው። ቁልፉንም ድንኳኑ ዘንድ ወስጄ ለጋሼ ሰጠሁ። እጃቸው በገመድ ተይዞ ስለነበር ኪሳቸው ውስጥ ክተቺልኝ አሉኝ፤ ከተትኩት።

የጋራ የሚፈሩት ነገር ቢያገኙ አብረው ይቀመጣሉ ብዬ ዓርብ በምሳ ሰዓት ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ በመሥሪያ ቤቱ ፕሪንተር አተምኩት። ቅዳሜ ቀድሜ ሄጄ ጋሼ ወንበር ሲያስተካክሉ ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት። ስም አልጻፍኩበትም።

የመዘዞው እምቢ ብሎ ያልቀረው በምን እንደሆነ አላውቅም፤ መጣ። ጮክ ብላ የምታነብልን የደብረ ሲናዋ ናት። አንብባ አንብባ እዚያ ገጽ ላይ ደረሰች። ከሞተችው ከተማ፣ ከውርጩ ውስጥ፣ ችቦ የሌለው ጦር ይወጣል። ማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ ስጽፈው እኔም አላወቅኩትም ነበር። ለየከተማው አንድ አንድ መልእክተኛ ይልካሉ። መልእክተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ ይመለሳል። ለደብረ ሲና፦ በራችሁ እንደማይዘጋ እናውቃለን። ለመዘዞ፦ ዘራችሁን ማን እንደበላው እናውቃለን። ለአንኮበር፦ እንስራችሁ ስንት ቀን እንደቀረው እናውቃለን። ለሰላ ድንጋይ፦ ሬዲዮአችሁ ዝም ማለቱን እናውቃለን።

የደብረ ሲናዋ ማንበቧን አቆመች። ውጭ ነፋሱ የአዳራሹን ቆርቆሮ ያንኳኳ ነበር።

"ይኼን ማነው የጻፈው?" አለ የመዘዞው።

ገጹን ከእጇ ወስዶ አገላበጠና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"የታተመ ነው። ማተሚያ ያለው ሰው ይታወቃል።"

"የኔ ማሽን ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ይጥላል" አለችና ከቦርሳዋ የራሷን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። "ይኸው! የፈለግከውን ያህል መርምር። ደግሞ ቃሉን እየው፤ 'ዘራችሁን ማን እንደበላው'። ይኼ የመምህር አማርኛ አይደለም?"

"የራሴን ከተማ ራሴ ላዋርድ?"

"ጥርጣሬ እንዳይመጣብህ!"

ጋሼ ብቻ ገጹን አንሥተው ቀስ ብለው ለራሳቸው አነበቡት። ጨርሰው ፋይሉ ውስጥ መለሱት። ወደ እኔ አላዩም። ለምን እንዳላዩኝ ያን ሳምንት በሙሉ ሳሰላስል ሰነበትኩ።

የሚገርመው ልብ ወለዱ ተነሣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመዘዞው የመጨረሻውን ያልነቀዘ ገብስ ለደብረ ሲና ላከ፤ ዋሻው ውስጥ ተደብቀው ለሚጠብቁት ስንቅ እንዲሆን። እርሷም ቀረጥ አንሥታ የመዘዞን ሴቶችና ሕፃናት በዋሻው አሳለፈች። ጋሼ የሬዲዮ ጠባቂያቸውን ሕዝቡ ፊት አቁመው እውነቱን አናገሩት። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ነገር ጽፈን አናውቅም። አራቱ ከተሞች ጠላታቸው ማን እንደሆነ ሳያውቁ አንድ አጥር አጠሩ።

በወረቀቱ ላይ እንደዚያ ተስማሙ፤ በወንበሩ ላይ ግን ተራራቁ። የመዘዞው ቦርሳውን ጭኑ ላይ እንዳቀፈ መዋል ጀመረ። የደብረ ሲናዋ ስትጽፍ በክንዷ ትከልላለች፤ ልክ ፈተና ላይ እንዳለች ተማሪ። ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። ሁለቱም በየፊናቸው መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥተው አናገሩኝ። እርሱ "እሷ ናት፤ አንቺ ግን አትንገሪያት" አለኝ። እርሷ "እቱ፣ አንቺ የዋህ ነሽ፤ የሚያደርገውን እይልኝ" አለችኝ። ማንም እኔን አልጠረጠረም። ዝምታዬ እንደ ጨዋነት ተቆጠረልኝ። እኔ ደግሞ በተራዬ አለመጠርጠራቸውን ጠረጠርኩ፤ አውቀው የሚያሽሟጥጡብኝ መሰለኝ።

ከሁሉም የከበደኝ የጋሼ ነገር ነው። ሐሙስ ሐሙስ እንደገና አጠገቤ መቀመጥ ጀመሩ። ቁልፉን ዳግመኛ አልሰጡኝም፤ ስለዚያ ሐሙስም አንድም ቀን አላነሡም። "ብርዱ ዘንድሮ ጠንቷል" ሲሉኝ፣ ምን ማለታቸው ነው እላለሁ። "የእጅ ጽሑፍሽ እያማረ ሄዷል" ሲሉኝ ጣቶቼ ይደርቃሉ።

ገጹ ከተነበበ በአራተኛው ቅዳሜ የመዘዞው ሳይቀመጥ ጀመረ። "ፖስታዎቹን ላያቸው እፈልጋለሁ" አለ። ጋሼ አውጥተው ሰጡት። መስኮቱ ዘንድ ወስዶ ብርሃን ላይ አገላበጣቸው።

"ተከፍተዋል። ሙጫው በሁለት ጊዜ የተቀባ ነው፤ እዩት፣ ጠርዙ ላይ ሁለት መስመር አለ።"

የደብረ ሲናዋ ነጥቃ አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ተያዩና ዞረው ጋሼን አዩ።

"ቁልፉ ከእጅዎ አይወጣም፤ አይደል ጋሼ?" አለ እርሱ።

ያኔ ነው ጋሼ እኔን ማየት የነበረባቸው። አላዩኝም።

"ደንባችን እንደዚያ ነው" አሉ። ውሸት አልተናገሩም፤ እውነቱንም አልተናገሩም።

"ጋሼን ደግሞ እንዲህ አትበል!" አለች የደብረ ሲናዋ፤ ግን ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

"ይበል እንጂ፤ የተጠረጠረ ነገር ሲቆይ ይሸታል" አሉ ጋሼ። "እንደ አባቶቻችን እናድርገው። አውጫጭኝ እንቀመጥ።"

አባታቸው የነገሯቸውን ነገሩን። ድሮ በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል፣ አድራጊው ካልታወቀ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ያየ ሰው "እኔ አየሁ" አይልም፤ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ለተረት ወረቀት ሲባል አውጫጭኝ የተቀመጠ ሰው በአገሩ ታሪክ ያለ አይመስለኝም፤ እኛ ግን ተቀመጥን። በር ተዘጋ። አራት ብጣሽ ወረቀት ተቀደደ። ወፏ የነገረችንን ጽፈን አጣጥፈን በጋሼ ባርኔጣ ውስጥ ከተትን።

ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ሌላ ሰው አልጻፍኩም፤ ራሴንም አልጻፍኩም። ባዶውን አጣጥፌ ጨመርኩት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የማፍረው በዚያ ባዶ ወረቀት ነው፤ ከፖስታዎቹም ይበልጥ።

የደብረ ሲናዋ እያወጣች አነበበች። የመጀመሪያው "ጋሼ" ይላል። ሁለተኛው ባዶ ነው። ሦስተኛውን ስታነብ አንገቷን ደፋች፤ የራሷ ጽሑፍ ነበር። "ጋሼ" ይላል። አራተኛው በጋሼ ረጃጅም ፊደላት የተጻፈ ነው፦ "ወፌ አይታለች። አትናገርም።"

ጋሼ ባርኔጣቸውን አንሥተው ደፉ።

"ነገ የእድር ስብሰባ አለ" አሉ። "ቁልፎቹን ለእድሩ ዳኛ አስረክባለሁ።"

"ጋሼ! ይኼ እኮ ጨዋታ ነው!" አለች የደብረ ሲናዋ።

"ጨዋታ ከሆነ ስሜን ለምን ጻፍሽው?"

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብጣሾች መሰብሰብ ጀመረች።

"በአውጫጭኝ ስሙ የተነሣ ሰው የሕዝብ ዕቃ አይጠብቅም። እኔው ነኝ ያስቀመጥኳችሁ፤ እኔው እፈጽመዋለሁ።"

የእድር ንብረት ያዥነት ደመወዝ የለውም። ያለው ስም ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ ድስትና ድንኳን የሚታመን መሆኑ። ጋሼ ያንን ቀለበት ለሃያ ዓመት ያህል ወገባቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሲወጡ ቁልፎቹ እንዳይጮሁ በእጃቸው ይዘዋቸው ነበር።

የደብረ ሲናዋና የመዘዞው አብረው ወጡ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየኋቸው። "እኔ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር" ሲል ሰማሁት። "እኔም አላልኩህም እንጂ" አለችው። የሚፈሩት ሰው አግኝተው ታርቀዋል። ያስታረቃቸው ግን እኔ የፈጠርኩት ጦር አልነበረም፤ ለእኔ ሲሉ አንደበታቸውን የዘጉ ሽማግሌ ናቸው።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አከራዬ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ተከትያቸው ወጣሁ።

"ወዴት ነው? ተከራይ እኮ አይጠራም" አሉኝ።

"ልሂድ" አልኳቸው።

አዳራሹ ሞልቷል። ወንዶቹ ፊት ለፊት፣ ሴቶቹ በግራ በኩል አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ተቀደደው ድንኳን ተወራ፤ ጎረቤት እድር ተውሶ ስላልመለሰው ድስት ተጨቃጨቁ። ከዚያ ጋሼ ተነሥተው ቀለበቱን ዳኛው ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ምነው? ምን አጠፋንብዎት?" አሉ ዳኛው።

"ምንም። ዕድሜዬ ገፋ። ወጣት ይያዘው።"

ሰዉ አጉረመረመ። ስለ ቁም ሣጥኑ አልተናገሩም፤ ስለ አውጫጭኙም አልተናገሩም። የደብረ ሲናዋና የመዘዞው የዚያ እድር አባል ስላልሆኑ አልነበሩም። እኔም ዝም ብል የሚያውቅ አልነበረም። ዳኛው "እንግዲህ ማንን እንምረጥ?" ማለት ጀምረዋል።

እጄን አወጣሁ። ማንም አላየኝም። ቆምኩ። አከራዬ ነጠላዬን ጎተቱኝ፤ "ምን ሆንሽ?"

"ጋሼ ዕድሜያቸው አልገፋም" አልኩ።

የሣቀ ሰው ነበር። "ማናት?" "የማን ልጅ ናት?" "ተከራይ ናት" "ጮክ በይ፣ ምን አልሽ?"

"የንባብ ቤቱን ቁም ሣጥን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የሰው የታሸገ ፖስታ ከፍቼ አንብቤያለሁ። ትናንት እርሳቸው ተጠረጠሩ፤ እኔ ዝም አልኩ። ቁልፉን የሚያስረክቡት በእኔ ጥፋት ነው።"

እስከ መጨረሻው ተናገርኩት። ፖስታው ውስጥ ምን እንደነበር ተጠየቅኩ፤ ስለ አራቱ ከተሞች አስረዳሁ። አንዲት አሮጊት "ደብረ ብርሃን ሞተች ነው የምትለው?" ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። ዳኛው ሣቅ አፍነው "ታዲያ የተሰረቀው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ምስጢር ነው። የሦስት ሰው ምስጢር።"

ጋሼ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ተናገሩ። "ቁልፉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

ዳኛው አንዴ እኔን አንዴ እርሳቸውን አዩ። ከዚያ ቀለበቱን በሁለት ጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ጋሼ አቅጣጫ መለሱት። "ድንኳኑ ረቡዕ ይሰፋል፤ የሚያስወጣው ሰው ያስፈልገናል። ሌላ ጉዳይ ያለው?" አሉ።

ጋሼ ቶሎ አላነሡትም። ስብሰባው ወደ ሌላ ጉዳይ ካለፈ በኋላ ሄደው ወሰዱት። በአጠገቤ ሲያልፉ አላናገሩኝም፤ ለዚያም የምወቅሳቸው ነገር አልነበረኝም።

ግቢው ውስጥ ወጥቼ ፀሐይ ያገኘው ግድግዳ ዘንድ ቆምኩና ስልኬን አወጣሁ። ከሁለቱ ይበልጥ የምፈራው እርሷን ስለነበር መጀመሪያ ለደብረ ሲናዋ ደወልኩ። ከኋላዋ የፎቶ ኮፒው ማሽን ይጮሃል፤ የመዘዞውም ድምፅ ይሰማል።

"ወዬ እቱ? ዛሬ ምን ተገኘ፣ አንቺ ደውለሽ?"

"ማሽኑን አጥፊው። እርሱም ቀረብ ይበልና ሁለታችሁም ስሙኝ" አልኳት።